የቶሉይኑ ልክ

ቀትር ነው፤ ናዝሬት አውቶቡስ ተራ። ተሻለች አንድ ወረቀት በጋዜጣ ጠቅልላ ለአለቃዋ ለሻምበል ገሠሠ አቀበለችው።

«የዶክተሩ ነው?»

«ከደብተሩ የገለበጥኩት ነው፣ ጓድ ሻምበል።»

ሁለት ወር ሙሉ ላቦራቶሪው ውስጥ ብርጭቆ አጣቢ መስላ ሠርታለች። የላኳት የደኅንነት ሰዎች በምስጢር የሚጠሯት «ወንፊት» እያሉ ነው።

ኬሚስቱ ዶክተር ጉተማ ጤፍ የሚያካክሉ የፖሊመር፣ ማለት የፕላስቲክ፣ ቅንጣቶች ይሠራል። ሲሠሩ ቶሉይን የተባለ ፈሳሽ ይጨመርባቸዋል፤ ቶሉይኑ ታጥቦ ሲወጣ ውስጣቸው ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። የበቆሎ ዱቄትን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም እዚያ ይጣበቃል፤ ታጥቦ ስለማይሄድ ወራት ይሠራል። ስኳር በወረፋ በሚታደልበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ምስጢሩ ያለው በቶሉይኑ ልክ ላይ ነው። አንድ ሰው ይህን ለውጭ ነጋዴ ሊሸጥ ይዟል። ገሠሠ ጉተማ ነው ይላል።

ተሻለች አላመነችም። ጉተማ ምሳውን ረስቶ የሚውል ሰው ነው። ገሠሠስ ልኩን ለምን ደጋግሞ ጠየቃት?

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ልኩን፣ አርባ በመቶውን፣ ስድሳ ብላ ጽፋዋለች። ስድሳን ከእሷና ከገሠሠ በቀር የሚያውቅ የለም።

በሦስተኛው ቀን የውጭ ነጋዴውን ደላላ ደሊልን ተከትላ ሻሸመኔ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረች። ቡልቡላ ለምሳ ሲቆሙ ደሊል ኮቱን በምግብ ቤቱ ወንበር ላይ ትቶ እጁን ሊታጠብ ወጣ። ከኮቱ ኪስ ማስታወሻውን አወጣች።

ስድሳ።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ገሠሠ ነበር። በላንድሮቨር ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል።

ማስታወሻውን ወደ እሱ ዘረጋች። ፊቷ አልተለወጠም።

«የጉተማን ጥፋት አገኘሁት፣ ጓድ ሻምበል። ልኩን ለዚህ ሰው ሰጥቶታል።»

ገሠሠ ትንፋሹን ለቀቀ። ጉተማ ትናንት መያዙን፣ ምርመራውንም ልቡ እንዳልቻለውና እንደሞተ ነገራት። ከዚያም፣ «ጎበዝ። አሁን ተመለሺ» አላት።

የተመለሰችው እስከ ዝዋይ ስልክ ቤት ድረስ ብቻ ነው። ከገሠሠ በላይ ላሉት ኮሎኔል ሁሉን ተናገረች። ከምሽቱ በፊት ገሠሠና ደሊል ሻሸመኔ መግቢያ ኬላ ላይ ተያዙ። የጉተማ ስም እንዲጸዳ ስትለምን ግን ኮሎኔሉ ፋይሉ እንደተዘጋ ነገሯት።

በማግሥቱ የጉተማን ሚስት ሸዋወርቅን አስከሬኑን ልትረከብ እስር ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘቻት።

«አብረሽው ትውዪ ነበር። ምን አድርጎ ነው?»

ተሻለች አፏ ላይ የደረሰውን እውነት ዋጠችው።

«እኔ ብርጭቆ ነው የማጥበው፣ እትዬ።»

በሳምንቱ ዱከም ባለ አንድ ፋብሪካ «ወንፊት» በላይነሽ በሚል ስም አዲስ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። ከየት እንደመጣች የጠየቃት የለም።