ከንፈሯን የወጋው ዶክተር

የፀደንያ የላይኛው ከንፈር ብይ የተሸጎጠበት ይመስል አብጧል። በቀኝ በኩል ጠቁሯል።

"ንብ ናት የነደፈቻት" አሉ ቴፒ ሆስፒታል ያመጧት እናቷ፣ ወይዘሮ ንጋቷ። ማር አገር ነውና ነርሶቹ አመኑ።

ዶክተር ሲላስ ግን የመርፌ ቀዳዳ አየ። ፖሊስ ተጠራ፤ ሳጅን ማናልሞሽ መጣች።

"ማነው የወጋሽ?"

"ዶክተር" አለች ፀደንያ፣ ቃሉ በግድ እየወጣ። "ለመዝሙር ክሊፓችን ከንፈሬን እንዲሞላልኝ።"

"የት?"

"ዙሌይካ ፀጉር ቤት።"

"ስሙስ?"

የመዘምራኑ መሪ ድምፅ የሆነችው ፀደንያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዶክተር ሲላስ ሳጅኗን ወደ ኮሪደር ወሰዳት። "ደም ከንፈሯ ላይ እየደረሰ አይደለም። የተሞላው የሚሟሟው ዓይነት ከሆነ፣ ማሟሟቻው ዓይን ክፍል አለን። ሲሊኮን ከሆነ ጅማ ልልካት ነው፤ እዚያ እስክትደርስ ከንፈሯ ይሞታል። የወጋትን ነገር አምጪልኝ።"

ዙሌይካ ፀጉር ቤቱን ዘግታ ጠፍታለች። ሳጅኗ ክሊኒኮቹን አመሰች። ከአዲስ አበባ የመጣ ሐኪም አልጋ ይዟል ሲሏት ሮጣ ቁርሱን አስጥላ አስነሳችው። ምስኪኑ ለሠርግ የመጣ የጥርስ ሐኪም ሆኖ አረፈው።

ዙሌይካን እናቷ ቤት አገኘቻት።

"ወላሂ፣ እኔ ፀጉር ነው የምሠራው! ወንበር ብቻ ነው የሰጠሁት፣ ለዶክተሩ።"

"የትኛው ዶክተር?"

"ፈንታው ነዋ! እናቴ እንኳ ላሟ ስትታመም እሱን ነው የምትጠራው።"

"ላሟ?"

እኛ ዘንድ መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው፤ የሰው ይሁን የበሬ ማን ይጠይቃል? ፀደንያ ግን ታውቅ ነበር። በከብት ሐኪም ተወጋች ተብላ የከተማው መሳቂያ ከምትሆን ከንፈሯ ቢቀርባት መረጠች። ሞኝ ልጅ!

ፈንታው አልካደም። የወጋበትን መድኃኒት ካርቶን ከማቀዝቀዣው፣ ከዶሮ ክትባቱ ጎን አውጥቶ ሰጣት።

"ለምን?"

"ላም አታመሰግንም፣ ሳጅን። ሕክምና መማር ፈልጌ ውጤት አልመጣልኝም። ይቺን ከዩቲዩብ ለመድኩ። መስታወት አይታ ስትስቅልኝ፣ እውነተኛ ዶክተር የሆንኩ መሰለኝ።"

"ላም ብትሆን ረግጣህ ታስቆምህ ነበር። ይህቺ አምናህ ዝም አለች። ቅደም!"

ዶክተር ሲላስ ካርቶኑን አነበበና በረጅሙ ተነፈሰ። የሚሟሟው ነው። ማሟሟቻውን ወጋት፤ አሸት አደረገው፤ ጠበቀ፤ ደግሞ ወጋ። ጥቁረቱ ቀስ በቀስ ለቀቀ። ቀይ መጣ። ሳጅን ማናልሞሽ ሥራዋ አልቆም አልሄደችም፤ ደስ ብሏት ቆማ ታያለች።

"ከንፈርሽ ይገጥም እንደሆነ እንይ" አለ ሐኪሙ። "እስቲ 'እማ' በይ።"

ፀደንያ ከንፈሯን ገጠመች። "እማ።"

ደጅ ተቀምጠው ሲጸልዩ የዋሉት ወይዘሮ ንጋቷ በሩን በርግደው ገቡ።

"ወዬ፣ ልጄ!"