በየትኛው አቆጣጠር?

«ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.?»

ዝማሬ ላፕቶፑን ከደነችው። ትንሽ ቆየችና መልሳ ከፈተችው። ጥያቄው የትም አልሄደም፤ እዚያው ተገትሮ ይጠብቃታል።

የጠየቃት ሶሬሳ የሚባል ሰው ነው። መልኩን አይታው አታውቅም፤ የት አገር እንደሚኖርም አታውቅም። የምታውቀው እሱም እንደሷ፣ ማንም ሰው በፈቃደኝነት በሚጽፍበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ በአማርኛ እንደሚጽፍ፣ የሰው ስሕተት ሲያርም እንደሚውልና ባረመ ቁጥር «ይቅርታ» ማለት እንደማይረሳ ነው። ዛሬ ከትምህርት ቤቷ ከሊሴው ስትመለስ እንዲህ የሚል መልእክት ትቶላት አገኘች፦ «ዝማሬ፣ ስለ ዳቦ ቤቱ የጻፍሽው ደስ ይላል። አንድ ነገር ብቻ፤ 1949 ያልሽው ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? አንቺ እዚያው ስላለሽ፣ ያልሽኝን አምናለሁ።»

ያስጨነቃት ጥያቄው ሳይሆን መጨረሻው ነበር። ቢጠራጠራት ይሻላት ነበር። ለሚጠራጠር ሰው መልስ መስጠት ይቀላል፤ ሳያይሽ የሚያምንሽ ሰው ግን መከራ ነው።

ዳቦ ቤቱ ከተቀመጠችበት ክፍል በታች ነው፤ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር፣ የጋሽ ኃይሌ ዳቦ ቤት። ከላይ ያለውን ክፍል ጋሽ ኃይሌ ከነመብራቱ ለማኅበሩ ሰጥተዋል። ማኅበሩ የመዝገበ ዕውቀቱን ጸሐፊዎች የሚደግፍ ትንሽ ማኅበር ሲሆን የሚያስተዳድረው የዝማሬ እናት ኢትዮጵያ ናት። ማስተዳደር ሲባል ትልቅ ወንበር ላይ መቀመጥ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስልክ ይዞ መጨቃጨቅ ነው፤ የተጣለ ላፕቶፕ ለምኖ ማምጣት ነው፤ ሪፖርት በፈረንሳይኛ መጻፍና አዲስ ሰው ሲመጣ «ጨ»ን በኪቦርድ እንዴት እንደሚያወጣት ማሳየት ነው። ዓርብ ዓርብ ክፍሉ ይሞላል። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በዕረፍታቸው ይመጣሉ። ዘቢባ የምትባለው ስለ ተወለደችበት ወረዳ ትጽፋለች፤ አጠገቧ የምትቀመጠው ደግሞ ስለ ንብ ብቻ ነው የምትጽፈው፤ ሌላ ነገር ንክች አታደርግም። በዚያ ሙቀት ሌላ የት ይሄዳሉ? ዝማሬ ይህን ክፍል ከቤቷ ቀጥሎ ትወደዋለች። እንዲያውም ቬንቲሌተሩ ከቤታቸው ስለሚሻል አንዳንድ ቀን ክፍሉ ይቀድማል።

ጋሽ ኃይሌንም ትወዳቸዋለች። ገና መሄድ ስትጀምር ትኩስ ዳቦ ቆርሰው፣ እፍ ብለው አብርደው እጇ ላይ የሚያኖሩላት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ «አባቴ በዚህ ከተማ የመጀመሪያው ሐበሻ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ጻፊው እንጂ!» ሲሏት ጊዜ አልፈጀችም። ደጃፉ ላይ ሲሚንቶው እርጥብ ሳለ አባትየው በጣታቸው የጻፉት ፲፱፻፵፱ የሚል ቁጥር አለ። በግዕዝ ቁጥር ማንበብ መቻሏ ራሱ አኩርቷት ነበር። 1949 ብላ ጻፈች። ከፊቱ «የመጀመሪያው» የሚለውን አስቀመጠች። አለቀ።

አላለቀም እንጂ። ያን ጊዜም ቢሆን ሰብሪና ነግራት ነበር።

ሰብሪና የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ባልባላ ነው። አያቷ ከይረዲን ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው እዚሁ ካርቲየ 4 ዳቦ ይጋግሩ ነበር። እሳቸውም የሉም፣ ቤቱም ከተዘጋ ቆይቷል። የቀረው የምድጃው የብረት በር ነው፤ እሱንም የሰብሪና እናት ወስደው የፍየሎቻቸው በረት መዝጊያ አድርገውታል። የባቡሩ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንሳዊ ነው በሩን የሠራላቸው፤ ብረቱ ላይ 1954 የሚል ቁጥር ጎልቶ ይታያል።

«እማዬ ግን ‘የቀደመው አባባ ከይረዲን ነው’ ትላለች» አለቻት ሰብሪና ያኔ፣ እነሱ ግቢ ተቀምጠው።

«ሰብሪ፣ የናንተ 1954፣ የነሱ 1949። ሒሳብ እኮ ነው።»

«አቦ በቃ! የኛ ታሪክ ፍየል ይጠብቅ፤ ወላሂ ሥራ አልፈታም» ብላ ሰብሪና ከት ብላ ሳቀች። እናቷ ግን አልሳቁም። ለፍየሎቹ ያመጡትን ካርቶን እየቀደዱ ነበር፤ መቅደዳቸውን ቀጠሉ።

ዝማሬ ጅቡቲ ተወልዳ በፈረንሳይኛ የተማረች ልጅ ናት። ለሷ ዓመት ማለት የፈረንጁ ዓመት ነው። ሌላ አቆጣጠር መኖሩ ትዝ የሚላት እናቷ በመስከረም «እንኳን አደረሰሽ» ስትላት ነው፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው መስከረም ትረሳዋለች። አሁን ግን የሶሬሳን ጥያቄ እያየች፣ ያ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የተንበረከከ ሰውዬ ታሰባት። በግዕዝ ቁጥር የሚጽፍ ሰው የፈረንጅ ዓመት ምን ያደርግለታል? የአገሩን ነው የጻፈው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨመረችበት። 1956፣ ቢበዛ 1957።

ከ1954 በኋላ። ሒሳብ እኮ ነው።

ከመስኮቱ ውጭ የመሰላል መንቋቋት ተሰማ። ይህ ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። ጋሽ ኃይሌ ጽሑፉ ከወጣ ጀምሮ ዳቦ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ስልካቸውን እያወጡ «ይኸው ተጽፏል! መዝገበ ዕውቀት ላይ ወጥቷል!» ይላሉ። ራሳቸው ለዝማሬ የነገሯትን መልሰው ከዝማሬ እንደሰሙት ማስረጃ አደረጉት። ዛሬ ደግሞ ረምዚ የሚባለውን ቀለም ቀቢ ጠርተው ግድግዳው ላይ በትልቁ እያጻፉት ነው።

አንድ ቃል ይበቃታል። «እ.ኤ.አ.» ብላ ብትመልስ ሶሬሳ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ» ይላል፤ ነገሩ ይዘጋል። ማን ያውቅባታል? የምታውቀው ፍየሏ ብቻ ናት።

«እማ» አለች ወደ ኋላ ሳትዞር።

እናቷ ጥግ ላይ ሆና የአንዱን ላፕቶፕ ቁልፎች በጥርስ ብሩሽ ትጠርጋለች። መጥታ ስክሪኑን አነበበች። ዝማሬ የደጃፉን ቁጥርም፣ የበሩንም ነገር አንድ በአንድ ነገረቻት። እናቷ ብሩሹን አስቀምጣ ወንበር ሳበች።

«መጀመሪያውኑ አንቺ መጻፍ አልነበረብሽም» አለች። «ክፍል የሚሰጠን ሰው ነው። ለኛ ቅርብ ስለሆነ ሰው እኛው እንዳንጽፍ ደንብ አለን፤ ለሰው ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። ሲደሰቱ ሳይ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔም ነው።»

«ታዲያ ምን ልመልስለት?»

«እሱን አልነግርሽም።»

«እማ! ሼም ነው እኮ፤ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ!»

«የማኅበሩ ነኝ። ማኅበሩ ቤቱን ይጠርጋል፣ መብራቱን ያበራል፤ ጽሑፉ ግን የጸሐፊው ነው። እኔ ዛሬ ‘እንዲህ በይ’ ካልኩሽ ነገ ክፍል የሰጠን ሁሉ ‘እንዲህ በሉ’ ይለናል።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ግን እንዳልዋሽሽ፣ ፈርቻለሁ። ጋሽ ኃይሌ ቢቀየሙን የት እንደምንገባ አላውቅም። ዘቢባ ዓርብ መጥታ በሩ ተዘግቶ ብታገኘው ምን እላታለሁ?»

ዝማሬ እናቷ «ፈርቻለሁ» ስትል ሰምታ አታውቅም። እቅፍ ልታደርጋት ፈለገች፤ ግን ካቀፈቻት ሁለቱም እንደሚያለቅሱ ስለገባት ተወችው። ከሶሬሳ ጥያቄ ሥር ባለው ባዶ ሳጥን ላይ «ዓ.ም. ነው» ብላ ተየበች። ጣቷ «አስቀምጥ» የሚለው ላይ ደርሶ ቆመ።

«ምነው?» አለች እናቷ።

«ከስልካቸው ላይ ማንበብ የለባቸውም። መጀመሪያ ከኔ ይስሙ።»

ወረደች።

ጋሽ ኃይሌ ፕላስቲክ ወንበር መንገዱ ላይ አውጥተው፣ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ግድግዳውን እንደ ቴሌቪዥን እያዩ ነበር። ረምዚ መሰላሉ ላይ ነው። «በጅቡቲ የመጀመሪያው» የሚለውን በሰማያዊ ቀለም ጨርሶ ቀጣዩን ሊጀምር ብሩሹን ይነክራል።

«ነይ ነይ! የ‘መ’ እግር አልረዘመም?»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው።» ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ቁጥሩን በጣቷ ነካችው። «ይሄ የአገራችን አቆጣጠር ነው። እኔ በፈረንጅ መስሎኝ ነው የጻፍኩት። በፈረንጅ ሲሆን ሃምሳ ስድስት ነው። የሰብሪና አያት ምድጃ ደግሞ ሃምሳ አራት ነው፤ እሱ የፈረንጅ ነው።»

ጋሽ ኃይሌ ቶሎ አልገባቸውም። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ደመሩ፣ ቀነሱ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«አባቴ ዋሽቷል ነው የምትይኝ?»

«ኧረ አልዋሹም! አባትዎ ልክ ነው የጻፉት። ዓመቱን ብቻ ነው የጻፉት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ረምዚ ብሩሹን አንጠልጥሎ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን ያያል። ሰማያዊ ቀለም ጠብ ጠብ እያለ ጫማው ላይ ይወርዳል።

«‘የመጀመሪያው’ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ኃይሌ፣ ለራሳቸው ያህል። «ከይረዲን… ይሄን ቤት ስንከፍት ልጅ ነኝ። ዱቄት ሲያልቅብን ‘ሂድና ከከይረዲን አምጣ’ ይለኝ ነበር አባቴ። እየሮጥኩ ነበር የምሄደው። ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዳቦ ይሰጠኛል፣ ለመንገድ ብሎ።» አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኛ ስንከፍት እሱ ዱቄት ነበረው እኮ።»

ወንበራቸውን ትተው ወደ ውስጥ ገቡ። ዝማሬ ትንሽ ጠበቀች፤ አልወጡም። ረምዚ በምልክት «ምን ላድርግ?» አላት፤ እሷም አላወቀችም።

ደረጃውን ወጣች። እናቷ በሩ ላይ ቆማለች።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ገቡ።»

እናቷ ሄዳ የላፕቶፑን ቁልፎች መጥረግ ቀጠለች፤ ክፍሉ የእነሱ ሆኖ ይቆይም አይቆይ፣ ዓርብ ለሚመጣው ሰው ንጹሕ መሆን አለበት።

ዝማሬ ተቀመጠች። መልሱን አስቀመጠች። ከዚያ ጽሑፉን ከፍታ «የመጀመሪያው» ከሚለው ቃል ፊት ጠቋሚውን አቆመች። ቃሉን በሙሉ ልታጠፋው አስባ ነበር፤ ግን አባትየውም እኮ ቀላል ሰው አልነበሩም። «የ»ን አጥፍታ «ከ» አደረገች። መጨረሻውን «ው» ወደ «ዎቹ» ቀየረች። «ከመጀመሪያዎቹ የሐበሻ ዳቦ ቤቶች አንዱ።» 1949 አጠገብ ዓ.ም. ጨመረች። ሁለተኛ አነበበችውና ከሥሩ ባለው የለውጥ ማብራሪያ ቦታ «ስሕተቱ የኔ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ስለዚህ ዳቦ ቤት ሌላ ሰው ይጻፍ» ብላ ጽፋ አስቀመጠችው።

ከታች የወንበር መጎተት ተሰማ። ወደ መስኮቱ ሄደች። ጋሽ ኃይሌ ነጩን ሸሚዛቸውን አውልቀው በካናቴራ ሆነዋል። በአንድ እጃቸው በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ ይዘው፣ ረምዚ የቆሙበትን ወንበር ደግፎላቸው፣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን «የ» ራሳቸው እየፈተጉ ነው። ወደ መስኮቱ ቀና አላሉም።

«‘ው’ን ‘ዎ’ ማድረግ ይከብዳል?» ሲሉ ረምዚን ሰማቻቸው።

«ምን ይከብዳል፣ ጋሼ! ‘ቹ’ም ቦታ አላት።»

ዝማሬ መስኮቱን ለቀቀች። ዓይኗን በክንዷ ጠራረገችና ስልኳን አንሥታ ሰብሪና ጋ ደወለች።

«የት ነሽ? ቤት ነሽ?»

«ቤት ነኝ። ምነው? ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«የፍየሎቹን በር ፎቶ አንሺልኝ። ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይታይ።»

ከሰብሪና ኋላ የፍየል ድምፅ፣ ከዚያ የእናቷ «ማናት?» የሚል ጥያቄ ተሰማ።

«ፍየሏ ፊቱ ተኝታበታለች» አለች ሰብሪና። «ላስነሣት ወይስ አብራ ትግባ?»

«አብራ ትግባ» አለች ዝማሬ። «እናትሽ ግን አጠገቡ ይቁሙ።»