አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጉልኝ

ይሄን የምጽፍላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አላምንም የሚል ካለ መብቱ ነው፤ እኔም ባይደርስብኝ አላምንም ነበር።

ደግሞ በጨለማ እንዳይመስላችሁ። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ቤቴል። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

ፅጌ እባላለሁ። አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ አንዲት ሱቅ አለችኝ። የአንድ ድርጅት ቅርንጫፍ ናት፤ ስሙንና አሠራሩን በፍራንቻይዝ ወስጄ ነው የምሠራው። ሥራችን አቅም ላነሳቸው ሽማግሌዎችና እግራቸው አልታዘዝ ላላቸው ሰዎች ቤት ማመቻቸት ነው። ደረጃ አፍርሰን ለዊልቸር መወጣጫ እንሠራለን፣ ጠባብ በር እናሰፋለን፣ ባኞ ቤት ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት እንገጥማለን።

የድርጅቱ መመሪያ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለው።

ብረቱ የሚገጠመው በሚጠቀምበት ሰው ልክ ነው። መዳፋቸውን ጠመኔ እንቀባቸዋለን። ከዚያ እጃቸው ሳይንጠራራ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግድግዳውን ይነካሉ። የምንበሳው እዚያ ነው። ስንጨርስ ደግሞ እጃቸው ብረቱን እንደጨበጠ ፎቶ አንስተን ለዋናው ቢሮ እንልካለን። ያጭበረበረ ሰው ፈቃዱን ይነጠቃል።

እኔ አጭበረበርኩ።

አምሐ የሚባል የቤቴል ሰው ለአባቱ፣ ለአባባ ወልደጊዮርጊስ፣ መያዣ ብረት አዘዘን። ሄድን። "አባባ ተኝተዋል፣ አትቀስቅሷቸው" አለን። በሳምንቱ ተመለስን። አሁንም ተኝተዋል። ለሦስተኛ ጊዜ መመላለሱ ሰለቸኝ።

"ቁመታቸው ምን ያህል ነው?" አልኩት።

"ኧረ እንደማንም ሰው ናቸው። በራስሽ ለኪው" አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

የራሴን መዳፍ ጠመኔ ቀባሁና ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። እኔ ደግሞ ቁመቴ እንኳን ለጎበጠ ሽማግሌ ለጎረምሳም ይተርፋል። ለፎቶው ጋሽ ሽኩርን ለመንኳቸው። ጋሽ ሽኩር አብረውኝ የሚሠሩ፣ ሃምሳን ያለፉ በያጅ ናቸው።

"የእርስዎ እጅ ለሽማግሌ ይሆናል፤ ይጨብጡልኝ" ብዬ ቀለድኩ።

"ይሄ ነገር ደስ አይልም ልጄ" አሉኝ።

ግን ጨበጡ። ፎቶው ተላከ፤ ሥራው ጸደቀ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ያን ማክሰኞ ጠዋት የአምሐ ሚስት ሶፊ ደወለችልኝ። የምታወራው በሹክሹክታ ነበር።

"ብረቱን... አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጉልን።"

"ለአባባ ራቃቸው እንዴ?"



"አዎ... ራቃቸው።"

አራት ሰዓት ላይ ደረስን። በሩን የከፈተችልን ሶፊ ናት። ጥቁር በጥቁር ለብሳለች። ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። ከበረኪናው ሥር ግን ሌላ ሽታ አለ... ፀሐይ ላይ የሰነበተ ሞራ ዓይነት። አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ኮሪደሩ ላይ አዲስ ዊልቸር ቆሟል። ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም።

አምሐ ሳሎን ተቀምጧል። ሰላም እንኳን አላለንም።

"ሴራሚኩን እንዳትሰብሩብኝ" አለ።

ባኞ ቤት ገባን። ብረቱ እኛ የገጠምነው ቦታ ላይ ነው። ደረቅ ነው፤ ያብለጨልጫል። አንድም ሰው ነክቶት የሚያውቅ አይመስልም።

ከብረቱ በታች ያለው ግድግዳ ግን...

የመዳፍ አሻራ ነው። ብዙ። ቢጫ፣ ቅባታም አሻራ። ከወለሉ ይጀምርና አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ወደ ላይ ይወጣል። ብረቱ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ያቆማል።

ሁሉም የቀኝ እጅ ነው።

አንዱን በጣቴ ነካሁት። ምነው እጄን በቆረጠው! ለብ ያለ ነው። ይለጠጣል። ጣቴን ሳነሳ አብሮኝ የተነሳ ነገር አለ... ስስ፣ ነጭ፣ የተሸበሸበ። ውኃ ውስጥ ብዙ የቆየ የሰው ቆዳ። የመዳፉ መስመሮች ሳይቀሩ ይታያሉ።

 መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብዬ የበላሁትን ሁሉ አወጣሁት። እጄን ባራግፍ ባራግፍ አልለቅ አለኝ፤ በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ፈግፍጌ አስለቀቅኩት።

"አዑዙ ቢላህ..." አሉ ጋሽ ሽኩር፣ ወደ በሩ እያፈገፈጉ።

ሶፊ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማለች።

"በየቀኑ አጥበዋለሁ" አለች። "ተመልሶ ይመጣል።"

"አባባ የት ናቸው?"

"ቀስ በይ... አምሐ እንዳይሰማ።"

"የት ናቸው ሶፊ?"

"አርባቸው ገና አልወጣም።"

 የመጸዳጃው ክዳን ላይ ተቀመጥኩ።

ሶፊ በሹክሹክታ ነገረችኝ። እኛ ብረቱን በገጠምን ማግስት ባልና ሚስቱ ከከተማ ወጣ ብለው ሳንሱሲ ሠርግ ሄዱ፤ እዚያው አደሩ። በበነጋው ከሰዓት ሲመለሱ የባኞ ቤቱ ሙቅ ውኃ እንደተከፈተ ነው። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው በጉልበታቸው ናቸው። ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ እንደተዘረጋ ደርቋል።

"ሊነሱ ሲታገሉ ነው የቆዩት" አለች። "ጥፍራቸውን እዚህ... ከሴራሚኩ መጋጠሚያ ውስጥ ነው ያወጣሁት። እስከ ብረቱ የቀራቸውን ለካሁት። አንድ ስንዝር ነው።"

"ታዲያ አሁን ለማን ነው ዝቅ የሚደረገው?"

ዓይኔን አላየችኝም።

"ጠዋት ጠዋት እሰማቸዋለሁ። 'ዝቅ አድርጉልኝ' ይላሉ። ሌላ ነገር አይሉም።"

አምሐ ከሳሎን ጮኸ።

"ሶፊ! ሴራሚኩን አደራ!"

ያን ሰውዬ ተጸየፍኩት። አባቱ የሞቱበት ግድግዳ ላይ እሱ የሚያሳዝነው ሴራሚኩ ነው። ምራቄን ልተፋበት ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ጋሽ ሽኩር ነቅለው ሊወስዱት ብረቱን ፈቱት። ከብረቱ ጀርባ፣ ልክ እንደተውኩት፣ በጠመኔ የታተመ የእኔ መዳፍ ወጣ። ሰፊ፣ ጤነኛ፣ ሰነፍ መዳፍ። አምሐን እርሱት። እዚያ ቤት ከነበርነው ሁሉ የምቀፈው እኔ ነበርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የማይለቀም ነው።

"ዝቅ ያድርጉት ጋሽ ሽኩር" አልኩ።

"ለሞተ ሰው?"

"እባክዎ... ዝቅ ያድርጉት።"

አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገው በሱ። የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ ከቧንቧው ውስጥ ረጅም ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ... እፎይ የሚል ዓይነት። ጋሽ ሽኩር ዕቃቸውን ሳይሰበስቡ ወጡ። ድሪሉን ይዤ የተከተልኳቸው እኔ ነኝ።

መኪና ውስጥ ጋሽ ሽኩር አናገሩኝ።

"ለቢሮው ንገሪያቸው ልጄ።"

"ፈቃዱን ይወስዱብኛል። ሱቁ እኮ ይዘጋል ጋሽ ሽኩር።"

"ይዘጋ። እኔ ያን ብረት የጨበጥኩበትን እጅ ለዱዓ መዘርጋት አፍሬያለሁ።"

ሱቅ ገብቼ እጄን በሳሙና አጠብኩ። በበረኪና። በቤንዚን። የሞራው ሽታ ግን ጥፍሬ ሥር አለ። አሁን ይሄን ስጽፍም አለ።

ከዚያ ስልኬን አነሳሁ። በዋናው ቢሮ ፎቶዎቹን አይታ የምታጸድቀው ናዝራዊት የምትባል ልጅ ናት። ጻፍኩላት።

"የአባባ ወልደጊዮርጊስ ፎቶ ላይ ያለው እጅ የእሳቸው አይደለም። የሠራተኛዬ ነው። እሳቸውን አልለካኋቸውም፤ አይቻቸውም አላውቅም። በእኔ ምክንያት ሰው ሞቷል። ፈቃዱን ውሰዱት።"

ላክሁት። ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መልሱ መጣ።

"ፅጌ፣ አልገባኝም። የሠራተኛሽ እጅ የትኛው ነው? ከላይ ያለው ነው ከታች ያለው?"

ፎቶውን ፈልጌ ከፈትኩት። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አባባ ገና በሕይወት ሳሉ፣ በገዛ ስልኬ ያነሳሁት ነው። ያኔ ለቢሮው ስልከው ያየሁት አንድ እጅ ብቻ ነበር።

ብረቱ አለ። የጋሽ ሽኩር እጅ ጨብጦታል።

ከሥሩ... ከፎቶው የታችኛው ጠርዝ... አንድ የተሸበሸበ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቷል። መዳፉ ጠመኔ ተቀብቷል።

ብረቱ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ቀርቶታል።