ሞተሩ እስኪሞቅ

መኪናውን ያበላሸችው እሷ ነበረች። ይህን ያወቀችው ግን ወንድሟ ቤቱን ጥሎ ከወጣ ከሃያ ቀን በኋላ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው። ወንድሟ አባቱን ሳያስፈቅድ መኪናውን ይዞ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ መልሶ በቦታው አቆመው። እሁድ ጠዋት አባቷ ቁልፉን ሲያዞር ያ አሮጌ መኪና ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሊጠፋ ይልና እንደገና ነፍስ ይዘራል። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሞተሩ ሲሞቅ ምንም እንዳልነበረ ጸጥ ብሎ መሥራት ጀመረ።

«ምን አድርገኸው ነው የመጣኸው?» አለ አባቷ።

«ምንም። ጓደኛዬን አድርሼ ተመለስኩ፣ በቃ።»

«ምንም ያልተደረገ መኪና እንዲህ አይሆንም።»

«አባዬ፣ ምንም አላደረግኩትም እኮ።»

«ውሸታም» አለው አባቷ።

ወንድሟ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ኩራቱን የወረሰው ደግሞ ከአባቱ ነው። ልብሱን አንድ ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቆ አክስታቸው ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ እናቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ በድብቅ ትደውልለታለች። አባቷ ውሃው ለምን እንደሚፈስ ያውቃል፤ አይጠይቅም።

እሷ አላለቀሰችም። ዛሬ አለቅሳለሁ፣ ነገ አለቅሳለሁ ስትል ከረመች፤ እንባው አልመጣም። ጥርሱን ሊነቀል ማደንዘዣ እንደተወጋ ሰው ነበረች፤ ጉንጯ የራሷ መሆኑን ታውቃለች፣ ግን አይሰማትም። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የወንድሟን ክፍል አልፋ ገብታ ትተኛለች።

መኪናውን የሚያዩላቸው መካኒክ ጋራዣቸው ከግቢው ጀርባ ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ስለሚለጥፉ ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ይላቸዋል። ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ቀየሩ፤ ሚኒሞውን፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ሲሠራ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ አደረጉት። ለውጥ የለም። አባቷ መኪናውን የሚወስድላቸው ከሥራ ሲመለስ ነበርና ሁልጊዜ ሞቆ ነው የሚደርሰው።

«በሽተኛውን የምታመጡልኝ ከዳነ በኋላ ነው» አሉ ዶክተር። «አድሮ፣ ቀዝቅዞ፣ ጠዋት ካላየሁት ምኑን ልያዘው? ጠዋት ደግሞ እኔን ራሴን የሚያስነሳኝ የለም። ወገቤ እስኪሞቅ ረፋድ ይሆናል።»

«እኔ አየዋለሁ» አለች ከአባቷ ጎን ቆማ። ለምን እንዳለች አታውቅም።

ዶክተር ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «እንግዲያው ነርስ ሁኚልኝ። ስሚ፣ በቀን አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚያመው። በየጠዋቱ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ሞክረሽ ትነግሪኛለሽ። ሁለት ከነካካሽ የቱ እንደሆነ ሳናውቅ እንቀራለን።»

ሐሙስ ጠዋት አባቷ ሞተሩን ሲያስነሳ እሷ የተከፈተው ኮፈን ሥር ቆማ የካንዴላ ገመዶቹ ላይ ውሃ ረጨች፤ የሚያፈተልክ የእሳት ብልጭታም የለ፣ ለውጥም የለ። ዓርብ የአየር ማጣሪያውን አውጥታ ሞከረች። ያው ነው።

«ጥሩ፣ ሁለት ሰረዝን» አሉ ዶክተር። «አሁን የጎማ ቱቦዎቹን እዪ። የተሰነጠቀ ቱቦ ካለ የማይፈለግ አየር ይስባል። ሲሞቅ ጎማው ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል፣ መኪናውም ጨዋ ይሆናል። ውሃ ጠብ አድርጊበት። ውሃው ስንጥቁን ሲደፍነው ሞተሩ ድምፁን ይቀይራል።»

ቅዳሜ ብርዱ ጣቶቿን አድርቋቸው ነበር። ሞተሩ እንደልማዱ ተንዘፈዘፈ። የመጀመሪያው ቱቦ ላይ አንጠባጠበች፤ ምንም። ሁለተኛው ላይም ምንም። ሦስተኛው ከሞተሩ ኋላ ነው፤ ለዓይን አይታይም። እጇን አሹልካ ውሃውን ስታፈስበት ሞተሩ ድንገት ተረጋጋ። ለሦስት ሰከንድ። ከዚያ ወደ መንዘፍዘፉ ተመለሰ።

«አገኘሽው?» አለ አባቷ መሪውን እንደያዘ።

«ቆይ። አጥፋው።»

ከቦርሳዋ ትንሿን መስታወት አውጥታ ከኋላ በኩል አስገባች። ቱቦው ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ላይ ሦስት ዙር የተጠመጠመ ሰማያዊ የፀጉር ላስቲክ አለ።

ላስቲኩን አወቀችው። ወንድሟ መኪናውን በወሰደበት ቅዳሜ ከሰዓት አባቷ ከመንገድ እንደገባ «የሞተሩን አቧራ ጥረጊልኝ» ብሏት ነበር። ጓደኞቿ በር ላይ ይጠብቋታል። ጨርቁን አንድ ነገር ያዘው፣ እሷም ጎተተችው፣ ቱቦው ከነማሰሪያው ተነቅሎ መጣ። መልሳ ሰካችው፤ ማሰሪያው ስለተሰበረ ከፀጉሯ ላስቲክ ፈትታ አሰረችበት። አስነስታ አየችው። ሞተሩ ትኩስ ነበርና እንደ ቅቤ ለስልሶ ሠራ። ከዚያ ረሳችው። በማግስቱ ሁሉም ጥፋተኛውን አግኝቶ ስለነበር እሷም ሌላ አልፈለገችም።

መስታወቱን ይዛ ቆመች። ደነገጠች ማለት አይቻልም። እጇ ሲቀዘቅዛት ብቻ ነው የታወቃት።

ቱቦውን ነቅላ ዶክተር ጋ ወሰደችው። ዶክተር ወገባቸውን በሻርፕ ጠምጥመው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቱቦውን አገላበጡት፣ ላስቲኩን አዩት፣ ቀጥሎ የእሷን ፀጉር አዩ።

«ይሄ ጎማ በዕድሜ ይበልጥሻል» አሉ ቀስ ብለው። «ያኔ ባይሰነጠቅ ዛሬ ይሰነጠቅ ነበር።»

«እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

«ገብቶኛል። ላስቲኩን ከፈታነው ግን ያረጀ ጎማ ነው። ለአባትሽ አርጅቶ ነው እለዋለሁ። ውሸትም አይደል።»

ውሸት አለመሆኑ ነበር የከፋው። ያረጀ ጎማ የሚሰነጠቀው ሲያስጨንቁት ነው ይላል አባቷ፤ ያስጨነቀው ወንድሟ ነው ብሎም ወስኖ ጨርሷል።

«ላስቲኩን አይፍቱት» አለች።

ዶክተር ላስቲኩን ሳይነኩ ቱቦውን መለሱላት። ተነሥተው ከመደርደሪያው አዲስ ቱቦ ለክተው ቆረጡ፣ ከነማሰሪያው ሰጧት። «አጥብቀሽ እሰሪው፣ ነርስ። በፀጉርሽ አይደለም ታዲያ።»

አዲሱን ቱቦ ራሷ ገጠመችው። አባቷ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነበር፤ አንዴ ጉርምርም ብሎ ጸጥ ብሎ ሠራ። አባቷ ጣሪያው ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረገውና ፊቱ ፈታ ብሎ ወደ ቤት ገባ። ተከተለችው። ወጥ ቤት ተቀምጦ ሻይ ሲቀዳ አሮጌውን ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ይሄ ነበር?»

«ይሄ ነው። ላስቲኩ የኔ ነው። ያን ቅዳሜ ስጠርግ ነቀልኩት፣ አሰርኩት፣ ረሳሁት። እሱ ምንም አላደረገም።»

አባቷ መነጽሩን አደረገ። ላስቲኩን በጣቱ ነካው። እንዲጮህባት ጠበቀች፤ ቢጮህ ደስ ይላት ነበር፣ ቢያንስ የሆነ ነገር ይሰማታል። አልጮኸም።

«ለምን እስካሁን ሳትነግሪኝ ቆየሽ?»

«ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

መነጽሩን አወለቀ። ከመታጠቢያ ቤት የቧንቧው ውሃ ይሰማል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ለወንድምሽ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ።»

የአባቷን «ቀስ ብዬ» ታውቀዋለች። የዚሁ ጠረጴዛ መሳቢያ እጀታ ቀስ ተብሎ ሊጠገን ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ቱቦውን ከፊቱ አነሳችና ጃኬት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ወዴት ነው?»

«አክስቴ ጋ።»

«ምን ልትዪው?»

«እንዳልዋሸ።»

አባቷ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ከወንበሩ ግማሽ ድረስ ተነሣ፤ እዚያው ላይ ቆመ። ይነሣ ይቀመጥ ለማየት አልጠበቀችም። ወንድሟ በር ይክፈትላት አይክፈትላትም አታውቅም። ጫማዋን አጠለቀች፣ ወጣች፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።