ስህተት ያልተገኘባት እህቴ

እመኑኝ አልላችሁም። እኔም ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ግን ሆኗል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ጎረቤት ልብስ እያሰጣ... እህቴ ቤት ውስጥ።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

የምሠራው የቴሌቪዥን ድራማ ቀረጻ ላይ ነው። ካሜራው ቆሞ እንደገና ሲነሳ ነገሩ ሁሉ እንደነበረ መሆኑን እከታተላለሁ። ብርጭቆው በግራ ከነበረ በግራ፣ ቁልፉ ተፈትቶ ከነበረ ተፈትቶ። ፎቶ አነሳለሁ፣ አስተያያለሁ፣ እፈርማለሁ። ስህተት ለቃሚዋ ይሉኛል።

ድራማው እናቷ ስለሞተችባት ልጅ ነው። አባትየው ሰው ሠራሽ እናት ገዝቶ ያመጣላታል። ሰው ሠራሿን እናት የምትጫወተው ታላቅ እህቴ ነበረች።

እህቴ ከስድስት ወር በፊት የአራት ዓመት ልጇን ቀብራለች። ከዚያ ወዲህ አታለቅስም፣ አትስቅም። ሲጠሯት ትዞራለች፣ በቃ። ሥራ ትንሽ ያነቃታል ብዬ ዳይሬክተሩን ደጅ የጠናሁት እኔው ነኝ።

"እትዬ፣ ብቻ ነይ" አልኳት።

"እሺ" አለች።

መጣችም። ደግሞ እንዴት ያለች ሆና መጣች መሰላችሁ...

"ይቺ ሴትዮ ሮቦት ሆና ነው እንዴ የተወለደችው?" አለ ዳይሬክተሩ። ሁላችንም ሳቅን።

ካሜራው ሲጠፋም አታወራም። ምሳ ሰዓት ከወንበሯ አትነሳም። ሐዘን ነው አልኩ፤ ሰው ሲያዝን እህል አይወርድለትም። አጠገቧ ተቀምጬ የራሴን እበላ ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ ቀልሎኝ ነበር። ያንን የልጅ አልጋ ያለበትን ቤት ማየት ቀረልኝ። በየቀኑ ሥራ ላይ እያየኋት ቤቷ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ስልኳ ዝግ ነው፤ እሱም ግድ አልሰጠኝም።

አንድ ቀን ሜካፕ ሠሪዋ ጠጋ አለችኝ።

"እህትሽ ግን... አያልባትም?"

"ምን?"

"በዚህ ሁሉ መብራት። ፊቷን አንድ ቀን አድሼላት አላውቅም።"

"ታድለሻላ፣ ሥራ ቀለለልሽ።"

አልሳቀችም። ብሩሾቿን ሰብስባ ሄደች።

ጠዋት ጠዋት እሷን የሚያመጣት ሹፌርም አመሰገናት።

"እንደ እህትሽ ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ደውዬላት አላውቅም። ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆማ ነው የማገኛት። ያ ዝናብ የጣለ ቀን እንኳ ልብሷ..."

"ልብሷ ምን?"

"ተዪው ባክሽ።"

ተውኩት።

በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ የመጀመሪያው ቀን ትዕይንት ይደገም ተባለ። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። በመጀመሪያው ቀን ብርጭቆ አውራ ጣቷን ጫር አድርጓት ነበር። ፎቶው ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ይታያል።

የዛሬው ፎቶ ላይም ይታያል።

ያው መስመር። ያው ቀለም። አልደረቀም...

ጥፍሯ አላደገም። ግንባሯ ላይ የወረደችው ዘለላ ፀጉር ቦታዋን አለቀቀችም።

ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ "ስህተት የለም" ብዬ ፈርሜያለሁ። ደስ እያለኝ። የሰው ገላ ግን ሃያ ሁለት ቀን እንደነበረ አይቆይም፤ ይሄን ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

በማግስቱ ሹፌሩን ቀድሜ ቤቷ ሄድኩ። ትርፍ ቁልፍ አለኝ። ፎቁን ወጣሁ፣ ከፈትኩ።

ቤቱ ታፍኗል። መጋረጃው ተዘግቷል። አልጋው አጠገብ የውሃ ጠርሙሶችና የደረቀ ዳቦ...

አልጋው ላይ እህቴ ተኝታለች። ከስታ አጥንቷ ቀርቷል። ፀጉሯ ተንጨባሯል።

"እትዬ?"

"መጣሽ" አለች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

"ትናንት... ሥራ ላይ አልነበርሽም?"

"መነሳት አቃተኝ እኮ። የመጀመሪያውን ቀንም አቅቶኝ ነው የቀረሁት። ትመጣለች ብዬ ስጠብቅሽ ነበር።"

"በየቀኑ አይቼሻለሁ።"

"እኔን?"

ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው። አፈርኩ፤ ያ ሐፍረት እስከዛሬ አለቀቀኝም።

ታች መኪና ጥሩምባ ነፋ። ስልኬ ጠራ፤ ሹፌሩ ነው።

"እህትሽ መኪና ውስጥ ገብታለች። ዛሬ ደግሞ አወራች እኮ! 'ሚጢ ፎቅ ላይ ናት፣ እንጠብቃት' አለችኝ።"

ሚጢ የሚለኝ ሌላ ሰው የለም። እህቴ ብቻ ናት።

እህቴ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ቁልቁል መኪናው ውስጥ ያለችውን አየች።

"ደህና ትመስላለች" አለች በሹክሹክታ።

"እትዬ፣ በኋላ በር እንውጣ። አዝልሻለሁ።"

"የት?"

"ሐኪም ቤት። እኔ ቤት። የትም።"

"ደክሞኛል፣ ሚጢ። እሷ ትኑርልኝ።"

የመኪናው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ደረጃው ላይ እርምጃ... ቀስ ያለ፣ እኩል እኩል።

በሩን መቆለፍ ነበረብኝ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። አልቆለፍኩም።

እህቴ ተመልሳ ተኛች። ብርድ ልብሱን ገለጠች። ወደ ግድግዳው ተጠጋችና... አጠገቧ አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ለቀቀች።