ከግድግዳው ማዶ የሰገደው

እኔ ድሬሰር ነኝ፣ ቁስል ሳጥብና ፋሻ ስጠመጥም የኖርኩ ሰው፣ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚለኝን ሁሉ ወባ ይዞህ ነው እያልኩ ኪኒን ሰጥቼ የምሸኝ ነበርኩ፣ ስለዚህ ይህን የማወራህ አምኜበት እንዳይመስልህ፣ ስለሆነብኝ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፣ ሞጣ ካለች አንዲት ክሊኒክ ተመድቤ ነበር። አንድ ቀን ጉልበታቸው የመገለ ሽማግሌ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ፣ እኔ ደግሞ ጠጅ ቤት የሚጠብቁኝ ጓደኞች ነበሩኝና «አባቴ፣ ነገ ይምጡ» ብዬ በሩን ቆለፍኩ። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። በሳምንቱ መሞታቸውን ሰማሁ።

በጥር በቁርባን ላገባ ነበር፣ እጮኛዬም ቀን ትቆጥራለች፣ ንስሐ ሳልገባ ደግሞ አይሆንም። የሞጣው የንስሐ አባቴ ሟቹን ስለሚያውቋቸው አፈርኩና በጭነት መኪና ቢቸና ወርጄ ለማያውቁኝ ቄስ ተናዘዝኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ቀኖና ሰጡኝ፣ «ጨርሰህ ና፣ ይፍታህ እልሃለሁ» አሉኝ።

ሰኞና ማክሰኞ ከሥራ ሾልኬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍሌ ውስጥ ሰገድኩ፣ ረቡዕ ወገቤን አመመኝና ተውኩት። ያን ጊዜ ነው ከግድግዳው ማዶ፣ ከተቆለፈው የክሊኒኩ ዕቃ ቤት፣ አንድ ጉልበት ወለሉን ዱብ ሲያደርግ የሰማሁት፣ ቆይቶ ሁለተኛው እየተጎተተ ይከተላል። ቁልፉ ኪሴ ነው። አይጥ ነው አልኩ፣ ግን እመነኝ፣ አይጥ አርባ አንድ ላይ አያቆምም። ሐሙስም እንደዚያው። ዓርብ ድምፁ ሲያበቃ ከፈትኩት፣ አቧራው ላይ የሁለት ጉልበት ምልክት ነበር፣ አንደኛው እርጥብ ነው፣ ሽታውን አውቀዋለሁ፣ መግል ነው።

ቅዳሜ ቢቸና ደረስኩ።

«አምስቱንም ቀን?» አሉኝ ቄሱ።

«አምስቱንም ቀን ተሰግዷል፣ አባ።»

ያነሱትን መስቀል መልሰው ዝቅ አደረጉ። «አንተ ሰግደሃል ወይ ነው የምልህ፣ ልጄ።»

መስቀሉን ሳልሳለም፣ ሳልፈታ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስንቴ ደግሜ እንደጀመርኩ አትጠይቀኝ፣ ግንባሬን መሬት ባስነካሁ ቁጥር ከማዶ አብሮኝ ይሰገዳል፣ ቀድሞኝም አርባ አንዱን ይጨርሳል፣ ታዲያ የቱን እኔ ሰገድኩ ልበል? ቤትም ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።

ሚስቴን በሰማንያ አገባኋት። ለምን አንቆርብም ስትለኝ ወሬ እለውጣለሁ፣ እኚያ ሽማግሌ ይቅር ብለውኝ ይሁን የሚሰግዱልኝ፣ ወይስ መንገዱን እየዘጉብኝ፣ አላውቅም፣ ይህ ነው እረፍት የነሳኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ፣ እሷም አርጅተህ ጆሮህ ከብዷል ትለኛለች።