ከሳጥኑ በላይ የተቀመጠው

ቫሲቲ የጎደሬ ዋጋ የምትጠይቅ መስላ ቆመች። የደሴቲቱ ዋና ከተማ የሱቫ ገበያ በሰው ተጨናንቋል። ትንሿ ሚሞሪ ካርድ እጇ ውስጥ በላብ ርሳለች።

ካርዷ ላይ ያለው የወንዝ ዳር ሰዎች ድምፅ ነው። የማዕድን ኩባንያው መርዝ ወንዛቸውን እንዴት እንደገደለ፣ ልጆቻቸውን የት እንደቀበሩ ይናገራሉ። ዛሬ ቀትር ላይ ከከተማዋ ዳር ኮረብታ ላይ ለሚታሸገው የዘመኑ ማስታወሻ ሳጥን ነበር የተቀዳው። ሳጥኑ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ይከፈታል። የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ዘመን የሚያዩት በእሱ ነው። ኩባንያው ግን ድምፁን አስወጥቶ በምትኩ ለራሱ የምስጋና ንግግር አስገባ።

ቫሲቲ «ሜሬዮኒ» በሚል የሐሰት ስም የኩባንያው ጸሐፊ ሆና ገብታ ነበር። ካርዷን ትናንት ሰረቀች።

«ይዘሻል?»

ኢሊኤሳ ነው፤ አጎቷና የስለላ አለቃዋ። የምስጢር ስሙ «ኤሊ»። ኩባንያውን እንድትሰልል የመለመላትም እሱ ነው።

«ይዣለሁ።»

«ጎበዝ፣ ቫሲቲ! አምጪው።»

ከሙዙ ክምር ጀርባ ሁለት ሰዎች ስሟን ሲሰሙ ዞረው አዩ።

በዚህ ሥራ እውነተኛ ስሟን ከኢሊኤሳ በቀር ማንም አያውቀውም።

«አጎቴ፣ ሸጥከኝ?»

«አንቺ ልጅ፣ አትጃጃይ። ገና ላልተወለደ ሰው ብለሽ ልትሞቺ ነው?»

የጎደሬውን ቅርጫት እግሩ ላይ ገለበጠችው።

ሮጠች።

የዓሣ ተራው ወለል አዳለጣት። ጉልበቷ ደማ። ተነሳች። የሚንቀሳቀስ አውቶቡስ ላይ ተንጠለጠለች።

ኮረብታው ላይ የየመንደሩ ሰው ማስታወሻውን ሊያኖር ተሰልፏል። አንዲት ወፍራም አሮጊት ከዛፍ ልጥ የተሠራ ሰፊ ጨርቅ ታቅፈዋል።

«ምነው ልጄ፣ ውሻ አባሮሽ ነው?»

«እማማ፣ አብሬዎት ልሰለፍ?»

«ያዢ በዚያ ጫፍ። ፊትሽንም ፍቺው እንጂ! ኩርፊያችንን ነው እንዴ የምናወርሳቸው?»

ቫሲቲ ጨርቁን እስከ አፍንጫዋ ከፍ አደረገችው። ከገበያው የተከተሏት ሁለቱ ሰዎች በግቢው በር ገቡ።

ሳጥኑ ጋ ደረሰች። ከላይ የዛሬ ጋዜጣ ተቀምጧል።

የፊት ገጹ ፎቶ የእሷ ነው።

«የኩባንያ ንብረት የሰረቀች ጸሐፊ ትፈለጋለች» ይላል፤ ከነእውነተኛ ስሟ። ፎቶውን ያነሳት ኢሊኤሳ ነበር፣ እህቷ ሠርግ ላይ።

ጋዜጣውን በጨርቁ ሥር ስባ ማውጣት ትችላለች። ግን ካወጣችው፣ ጨርቁ ተነሥቶ ሲታጠፍ ካርዷን የሚሸፍን ነገር የለም። ዘበኛው አጠገቧ ቆሟል።

«ቀጥይ፣ ቀጥይ!»

ካርዷን ከራሷ ፎቶ ሥር አንሸራተተች። ጨርቁ ታጥፎ ከላይ አረፈ። ክዳኑ ተገጠመ፤ መዝሙሩ ተነሳ፤ ሲሚንቶው ፈሰሰ። ሁለቱ ሰዎች በሕዝቡ መሀል የእያንዳንዱን ሰው ፊት እያዩ ሲጋፉ እሷ ከዘማሪዎቹ ጋር ወጣች።

ወደ ካዳቩ ደሴት በምትሄደው ጀልባ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ስሟን ጠየቃት። ማንም የማያውቀው አዲስ ስም ነገረችው።